የብርድ ልብሱ ክምር

ባሕር ማዶ ምድር ተንቀጥቅጦ ከተማ በተደረመሰ በሳምንቱ፣ የትንሿ በጎ አድራጎት ማኅበራችን ዕቃ ክፍል በብርድ ልብስ ጢም ብሎ ሞላ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ሊቀመንበራችንን፣ የባሌን ታላቅ ወንድም፣ «ኧረ ወንድም ጋሼ፣ በሩ ሥር አይከመር!» ብዬ ምላሴ ፀጉር እስኪያበቅል ነግሬዋለሁ። ማን ሰምቶኝ!

የማዳበሪያ አፍ እየሰፋሁ ሳለ ክምሩ ተናደ። በሩን ዘጋው፣ እኔንም ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። እግሬን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። አቧራው ጉሮሮዬን አነቀኝ። ስልኬ የት እንደገባ እንጃ፣ ከክምሩ ሥር ይጮሃል።

ወንድም ጋሼና የማኅበሩ አባላት ከግድግዳው ወዲያ ስብሰባ ላይ ናቸው። በጡጫ ደበደብኩ፤ በጫጫታቸው ማን ይስማኝ? ትንሽ ቆይቶ ወንበሮች ሲንኳኩ ሰማሁ። ተነሡ! መጡልኝ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ግን ጭጭ አሉ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አልኩ። እንደገና ደበደብኩ። ሳል እንኳ ይሰማኛል፤ የሚመጣ ግን የለም። ትንፋሼ አጠረ። እዚያ ማዶ ድንጋይ የተጫናቸው ሰዎች ትዝ አሉኝና እንባዬ መጣ።

በስንት መከራ በሩን ገፍተው ጎትተው አወጡኝ። ወንድም ጋሼ አቧራዬን እያራገፈ፣ «እኔን ይድፋኝ!» አለ። «ስትደበድቢ እኮ ሰምተናል። ግን ፍርስራሽ ሥር ላለቁት የኅሊና ጸሎት ላይ ቆመን ነበር፤ መንቀሳቀስ ነውር መሰለን።»