የጨረቃዋ ጠራጊ

እኔን የነካ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤቶቻችንን ጠይቁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም በበቀል ዶክትሬት አለኝ። ያ ባለጨረቃ አክስቴን ሲነካ፣ እኔን መንካቱን ባያውቅ ነው።

አክስቴ ያሳደገችኝ ናት፤ ሥራዋ ቢሮ ማጽዳት ነው። አቧራ ካየች እጇን ይበላታል። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዳ እንኳ ጨዋታውን ትታ የመስኮቱን ጠርዝ በመሐረቧ ትወለውላለች። ከምታጸዳቸው ክፍሎች አንዱ የባለጨረቃው ነበር። ሰውዬው ዶክተር ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ሄዶ ሲሠራ ኑሮው እንዴት ይዘልቃል፣ ማን ይቀጠራል፣ ትርፉ ለማን ይደርሳል፣ ሰዉ ተስማምቶ ይኖራል ወይስ እርስ በርሱ ይበላላል፣ እሱን ነው የሚያጠናው። ማለቴ፣ ገንዘብ የሚሰጠው ካገኘ ሊያጠና ነው። ለጊዜው ያለው አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ከተቆረጠ የፕላስቲክ ኳስ የተሠሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ከሥራቸው ደግሞ የጨረቃን አፈር እንዲመስል ተፈጭቶ ከሩቅ የመጣ ግራጫ የድንጋይ ዱቄት ብቻ ነበር።

አክስቴ አንድ ማለዳ ገብታ ጠረጴዛውን አየችው። አቧራ! ያውም እንደዚያ ያለ አቧራ! ቤቶቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ ዱቄቱን ጠርጋ ሽንት ቤት ደፍታ፣ ጠረጴዛውን በሳሙና አጥባ፣ ቤቶቹን እንደ ብርጭቆ ወልውላ መልሳ ደረደረቻቸው። ደስ ብሏት ቆማ ምስጋና ስትጠብቅ ሰውዬው ገባ።

«ይቺ ሴትዮ ጨረቃን ጠርጋ ሽንት ቤት ከተተችብኝ!» ብሎ ሕንፃውን በጩኸት ሞላው።

ከየክፍሉ ሰው ወጥቶ ሳቀ። አክስቴ እርጥብ ጨርቋን እንደያዘች፣ አንገቷን ደፍታ በሳቁ መሃል አልፋ ወጣች። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ ተባለች። ቤት ስትገባ አላለቀሰችም። ንጹሕ የነበረውን ወለላችንን እንደገና አጠበችው። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

የጽዳት ድርጅቱ ምትክ ሲፈልግ ማን ተገኘ? እኔ። ባለጨረቃው የእህቷ ልጅ መሆኔን አላወቀም። ማወቁ ቀርቶ ቀና ብሎ ፊቴን አላየም።

«ጠረጴዛውን እንዳትነኪ» አለኝ፣ እንደገና ያስመጣውን ዱቄት እየነሰነሰ።

«ኧረ እኔ! በጣቴ አልነካውም፣ ጌታዬ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ በጣቴ አልነካሁትም። በቅርጫት ነው።

አክስቴ ጠርጥራ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዓይንሽ ሥራ የፈለገ ሰው ዓይን አይደለም። ያለችንን አንዲት ደሞዝ እንዳታሳጪን።»

«አንቺን ይንሳኝ፣ ልጠርግ ነው የምሄደው።» ስምልላት እንኳ አላፈርኩም።

ገንዘብ ሰጪዎቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ባለጨረቃው ከረባቱን አስሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አስሮ፣ ጠረጴዛውን በነጭ ጨርቅ ሸፈነው። እንግዶቹ ፊት ሳብ አድርጎ ሊገልጠው ነዋ! እሱ ሊቀበላቸው ሲወርድ፣ እኔ ሰሞኑን ከራሱ ቅርጫት ስቆጥበው የሰነበትኩትን ሁሉ ጨረቃው ላይ ደፋሁት፦ የሻይ ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የተናፈጠበት ሶፍት፣ የሻገተ ሳንድዊች፣ መጥረጊያ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር። ጨርቁን መልሼ አለበስኩትና የሻይ ትሪዬን ይዤ ጥግ ቆምኩ። ልቤ ጮቤ ይረግጣል።

እንግዶቹ ገቡ። አለቃቸው ከዘራ የያዙ አሮጊት ናቸው። ባለጨረቃው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ክቡራን፣ የነገው የሰው ልጅ መንደር!» አለና ጨርቁን ሳበው።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። ከዚያ አንዲት ዝንብ። የሰውዬው ፊት የዚያን ዱቄት መልክ ያዘ። እሰይ! አክስቴ አንገቷን ደፍታ የወጣችበት በር ይኸውልህ፣ አንተም ውጣበት! እያልኩ በሆዴ ስፎክር፣ አሮጊቷ ቀረብ ብለው የሙዙን ልጣጭ በከዘራቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉት።

«እስከ ዛሬ የሚያሳዩን ነጭ ቤት ብቻ ነው» አሉ። «ሰው ካለ ቆሻሻም እንዳለ ያሳየን የለም። ማን ያነሳዋል? ለሚያነሳው ማን ይከፍላል? የእርስዎ ጥናት ይኼ ነው?»

ሰውዬው ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «አዎ» አለ። «ሆን ብለን ነው።»

ሆን ብለን! እሱና ማን? ትሪዬን ወንበር ላይ ወርወር አደረግኩት።

«ውሸቱን ነው! የደፋሁት እኔ ነኝ! አክስቴን ሰው አስቆባት አባረራት! እዚህ ጨረቃ ላይ የሚጠርግ የለም፤ የነበረችው እሷ ናት፣ እሷንም አባረራት!»

አሮጊቷ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እንግዲያው ጠራጊዋ ትመለስ» አሉት። «ያለሷ ገንዘብ የለም።»

እኔ እዚያው ተባረርኩ፤ ምን ገዶኝ! ቤት እየሮጥኩ ገብቼ «አክስቴ፣ እግርሽ ሥር ጥዬልሻለሁ! ራሱ ደውሎ ይለምንሻል!» አልኳት። እውነትም ደወለ። «እባክዎን» ሲላት ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ሥራ በጀመረች ሰሞን ድሌን ልጎበኝ ሄድኩ። ባለጨረቃው ገንዘቡን ሲያገኝ ላይኛው ፎቅ ላይ መስኮቱ ሰፊ የሆነ አዲስ ክፍል ወስዷል። ጠረጴዛው ግን እዚያው ነው፤ ቆሻሻውም እዚያው። ሲከርም ምን እንደሚሆን ስለሚጠና «እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አክስቴ መጥረጊያዋን ታቅፋ አጠገቡ ተቀምጣለች። አዲሱ ሥራዋ ማንም እንዳይጠርገው መጠበቅ ነው።

«እህሳ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ፣ «ልክ አላስገባሁልሽም?»

አፍንጫዋን በመሐረቧ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱ ፎቅ ወጣ፤ ከግማቱ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ማንን ነው የተበቀልሽው?»