የአራተኛ ፎቅ አረንጓዴ መብራት

«ለተከበራችሁ የሕንፃችን ተከራዮች በሙሉ! በየፎቁ የተሰቀለችው የኢንተርኔት ሣጥን መሥራት አለመሥራቷን በገዛ ዓይናችሁ ታረጋግጡ ዘንድ፣ አስተዳደሩ ባደረገው ከፍተኛ ጥረት የአራተኛ ፎቋ ሣጥን አረንጓዴ መብራት የተገጠመላት መሆኑን በታላቅ ደስታ ያበሥራል። የቀሩት ፎቆች በትዕግሥት ይጠባበቁ።»

ቴክኒሻኗ ሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈውን ሁለቴ አነበበችና የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ ደረጃውን በሩጫ ተያያዘችው። የአራተኛ ፎቁ የጥርስ ሐኪም አሁን ደውሎ ስምንቱም ክፍል ኢንተርኔት እንደሌለው ነግሯታል። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ አራት ሰዓት ላይ የአዲሱን የኢንተርኔት መስመር ርክክብ ሊፈርሙ ይመጣሉ። አንድ ፎቅ እንኳ ካልሠራ ፋይበሩ ተነቅሎ የድሮው የመዳብ ሽቦ እንደሚመለስ፣ እሷም እንደምትሰናበት ቁርጡን ነግረዋታል። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዘበኛው ቁጭ ብለዋል።

«ምን ያስሮጥሻል ልጄ?»

«አባባ፣ ያቺን መብራት ማን ነው የገጠማት?»

«ማን ይሆናል? ማስታወቂያ ነዋ! ትናንት ከሰዓት መሰላል አስይዞኝ ዋለ።»

ማስታወቂያ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ወረቀት ስለሚለጥፍ፣ ከእናቱ በቀር በስሙ የሚጠራው የለም። ቴክኒሻኗ ለዚህ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ስታስረዳ ከርማለች። ሣጥኗ ኤሌክትሪክ አትፈልግም። ከምድር ቤት በፋይበሩ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነው የመስታወት ክር፣ የሚመጣላትን ብርሃን ለስምንት ክፍል ታካፍላለች፣ በቃ። አትሞቅም፣ አትጮህም፣ ቆጣሪ አታዞርም። እሱ ግን በየቀኑ ጆሮውን ሣጥኗ ላይ ለጥፎ፣ «ትንፋሽ የላትም እኮ!» ይላት ነበር።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ መብራቷ ሠርግ እንደተጠራች ብልጭ ድርግም ትላለች። ማስታወቂያ በመሐረብ ይወለውላታል።

«ክፍሎቹ ሞተዋል» አለች ቴክኒሻኗ እያለከለከች።

«ሣጥኗማ እየሠራች ነው! ይኸው፣ አረንጓዴ!»

«መብራቷ ከሣጥኗ ጋር ምንም አይገናኝም። ባትሪ ነው እኮ የገጠሙላት!»

«ሁለት ባትሪ» አለ በኩራት። «እህቴ፣ ተከራይ ‹ዕቃችሁ ሞቷል› እያለ በቀን አሥር ጊዜ የሚደውለው ለእኔ ነው፣ ላንቺ አይደለም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። የማይታይ ነገር ማን ያምናል?»

ውሸት አልነበረም። ግን የምትከራከርበት ጊዜ የላትም፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷታል። ወደ ሣጥኗ የሚገባውን ክር ፈታች፤ ከመፈተሻዋ ቀይ ብርሃን ላከችበት። ከሣጥኗ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ክሩ እንደ ፍም ቀላ። ማስታወቂያ የመብራቷን ሽቦና ፋይበሩን አንድ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍንጎ፣ እንደ ጉልበት አጥፎ ግድግዳው ላይ አጣብቋቸዋል።

«አዩት? ብርሃኑ እዚህ ጋ እየፈሰሰ ነው። ሲታጠፍ ያመልጣል።»

«ሥርዓት እንዲይዝ ብዬ እኮ ነው» አለ። ድምፁ ወረደ።

ማሰሪያውን ቆረጠች። ክሩ ውስጡ ተሰብሮ ከሆነ ለመቀጠል ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ አቃናችው፤ ጫፉን ጠርጋ መለሰችው። ቀዩ ምልክት ጠፋ፤ የመለኪያዋ ቁጥር ተስተካከለ። ከኮሪደሩ ጫፍ የጥርስ ሐኪሙ፣ «መጣ! መጣ!» እያለ ጮኸ። አፉን የከፈተ ታካሚ አብሮት ሳይጮህ አልቀረም።

የሕንፃው ባለቤት አራት ሰዓት ሲሆን ደረሱ። ሌሎቹን ፎቆች አይተው አራተኛው ላይ ሲወጡ ስምንቱንም ክፍል እየዞሩ ስልካቸውን ሞከሩ፤ ጥፋት ፈልገው አጡ። ሣጥኗ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቺ ድርግም የምትለውስ?»

«መሥራቷን ታሳያለች ጌታዬ!» አለ ማስታወቂያ ነፍስ ዘርቶ።

«በል እንጂ! እስካሁን ያየኋቸው የሞቱ ይመስሉ ነበር። ይቺን ግን አምኛለሁ። ለሁሉም ፎቅ ይደረግ።» ብዕራቸውን አወጡ።

ቴክኒሻኗ አፏን ከፈተች። ሳምንቱን ሙሉ ያለችው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰለፈ፤ ብርሃኑ፣ መስታወቱ፣ ኤሌክትሪክ አለመፈለጓ። ዝም ብላ ብትቀር ፊርማው በእጇ ነበር። በማግስቱ ግን ማስታወቂያ ማሰሪያውን ይዞ የቀሩትን ፎቆች ሁሉ እየዞረ ክሩን ያጥፋል።

ምክንያቱን ብትናገር ደግሞ ክሩን ያጠፈው ማን እንደሆነ ይወጣል። መብራቷን ከነባትሪዋ ነቅላ በማስታወቂያ የሸሚዝ ኪስ ከተተቻት። እዚያም ድርግም ማለቷን ቀጠለች።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ባለቤቱ፣ ብዕራቸው አየር ላይ እንደቀረ።

ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «ክፍሎቹን አይተዋል። የሚፈርሙት እዚህ ጋ ነው።»

«ለምን ነቀልሻት ነው የምልሽ?»

«አልናገርም።»