ያልቀዘቀዘ ለስላሳ

ለስላሳ ፋብሪካው ውስጥ «በረዶ» ነበር የሚሉኝ። ማቀዝቀዣውን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ነው እንጂ፣ ጠባዬን የሚያውቅማ እሳት ነበር የሚለኝ።

ያን ቀን ጠዋት የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ቀጥ አለ። ለመጠገን ሁለት ሰዓት ጠየቅሁ። አለቃችን ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝም፣ እዚህ ያስቀጠረኝም እሱ ነው።

«ሁለት ሰዓት? መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈው?» አለና የጠርሙስ መሙያ መስመሩ እንዲነሳ አዘዘ።

ለስላሳ አራት ዲግሪ ሲሆን ጋዙን እሺ ብሎ ይይዛል። ሲሞቅ ግን ጋዙ አልቀመጥም ይላል፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ይገነፍልና ግማሹ መሬት ይፈሳል። ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ አሥራ አራት። የወንድሜ መድኃኒት አንድ ነው፤ ግፊት መጨመር። ከሦስት ወደ አምስት ተኩል ሰቀለው። እውነትም አረፋው ጋብ አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ አደነቀው። የኔ ዓይን ግን ጠርሙሶቹ ላይ ነበር። ጠርሙሶቹ ስንት ዓመት ተመላልሰው የታጠቡ፣ ወገባቸው ተፋፍቆ የነጣ አሮጌዎች ናቸው። ያን ግፊት አይችሉትም።

የመጀመሪያው ጠርሙስ መሙያው ውስጥ ፈነዳ። መሙያው መከለያ ስላለው ማንም ግድ አልሰጠውም። ሁለተኛው ግን ቆርኪ መምቻውን አልፎ ከወጣ በኋላ፣ ምንም በማይከልለው ቦታ ላይ ፈነዳ።

ከዚያ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ጠርሙስ የሚፈተሽበት መብራት አለ። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በሚያልፈው ጠርሙስ ውስጥ ቆሻሻ የምትፈልገው የወንድሜ ልጅ ናት። ከተቀጠረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ፊቷ ከጠርሙሶቹ ቢርቅ ቢርቅ አንድ ስንዝር ነው። መከላከያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች።

«ተነሺ ከዚህ» አልኳት።

«ምን ሆነሃል አጎቴ? አለቃ ሳይፈቅድማ አልነሳም።» ሥራ ላይ አባቷን አለቃ ነው የምትለው።

«መነጽሩን እንኳ አድርጊው።»

«ተጭሯል፣ አያሳየኝም። ዝንብ ካመለጠኝ ደግሞ አለቃ አይምረኝም።»

እየሮጥኩ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በእናታችን ሞት፣ አቁመው። ልጅቷ ዓይኗን ታጣለች።»

«አታሟርት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት ጠርሙስ ሲፈነዳ አይቻለሁ። ይልቅ ሂድና ማቀዝቀዣህን ጠግን።»

«እሺ እሷን ብቻ አስነሳት።»

«የኔ ልጅ ስለሆነች ላስነሳት? እሷ ተነስታ እዚያ የማንን ልጅ ላስቀምጥ? ንገረኝ፣ የማንን?»

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሦስተኛው ሲፈነዳ ስብርባሪው በርጩማዋ እግር ሥር ተበተነ። እሷ ቀሚሷን አራገፈችና መልሳ ወደ መብራቱ አጎነበሰች። ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ራሴም በደንብ አላስታውሰውም፤ ብቻ ቀዩን ቁልፍ በቡጢዬ መታሁት። መስመሩ ቆመ።

ድንገት ስለቆመ መሙያው ውስጥ የነበረው ሁሉ አረፋ ሆኖ ፈሰሰ። ከእንግዲህ ማቀዝቀዣው ሳይጠገን የሚነሳ ነገር የለም። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ከበበኝ። ወንድሜም መጣ። ሁላችንም ግፊት ይዘው የተደረደሩትን ጠርሙሶች እያየን ቆምን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ አንድ እንኳ ይፈንዳልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አንድ ፈንድቶ ቢያምኑኝ። አንዱም አልፈነዳ።

«የታለ?» አለኝ ወንድሜ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «የቀኑን ሥራ ገደልከው። ውጣልኝ። ቤቴም እንዳትመጣ።»

የሥራ ልብሴን አውልቄ በሩ ላይ ስደርስ ልጅቷ ተከትላኝ መጣች።

«በኔ ምክንያት አባቴን በሰው ፊት አዋረድከው» አለችኝ። «መቼም ይቅር አልልህም።»

አፈጠጠችብኝ፤ በሁለቱም ዓይኖቿ።

«እሺ የኔ እናት» አልኳትና ወጣሁ።