ካስኩና ወፍጮው

እኔ ትርሲት ቁጣዬ ከቃሌ የሚቀድም ሴት ነኝ፣ አልዋሽም። ያን ዕለት ግን ብቆጣ ይፈረድብኛል? መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ጸጉር ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ አንዲት ሙሽራ ደጄን ረግጣ አታውቅም፤ ሁሉም ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። "እኔ እዚሁ አገሬ እሠራለሁ" ብላ የመጣችልኝ የምሥራች ብቻ ናት። የፊዚክስ አስተማሪ ናት። እናቷን በልጅነቷ ስላጣች አጃቢ እንኳ አልነበራትም። እሷን አሳምሬ ከሸኘሁ ስሜ ይጠራል፤ ጸጉሯ ሳይደርቅ ሚዜዎቹ ከደረሱ ግን በቃ፣ ቤቴን ዘግቼ ሽንኩርት ልሸጥ ነው።

እና ካስኩ፣ ያ ጸጉር ማድረቂያዬ፣ አልሞቅ አለ!

ጸጉሯን አጥቤ፣ በቢጎዲን ጠቅልዬ ካስኩ ሥር አስቀመጥኳት። ቆይቼ ብዳስሰው እንደረጠበ ነው። የጥርን የመንዝ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ ጸጉር ይዞ መውጣት በሽታ መሸመት ነው።

"ያ ሌባ! አሮጌ ዕቃ ቀለም ቀብቶ ሸጠልኝ! እጁ ይቆረጥ!" እያልኩ ካስኩን የሸጠልኝን ነጋዴ ስረግም የምሥራች ከሥሩ ትስቃለች።

"ሰውየውን ተዪው ትርሲትዬ። ካስኩ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል?"

"220 ቮልት፣ 1100 ዋት። ውሸቱን ነው!"

"1100 ለ220 ሲካፈል 5 አምፒር። 220 ለ5 ሲካፈል ደግሞ 44 ኦም፤ ሬዚስታንሱ እሱ ነው። የሽቦው ጠባይ ስለሆነ ብዙም አይለወጥም። አሁን የግድግዳውን ቁጥር ንገሪኝ።"

ቴሌቪዥኔ የተሰካበት ስታቢላይዘር የሚመጣውን ቮልት በቀይ ቁጥር ያሳያል። እኔ ጌጥ ነበር የሚመስለኝ። "154" አልኳት።

"ይኸውልሽ! 154 ለ44 ሲካፈል 3 ነጥብ 5 አምፒር። 154 በ3 ነጥብ 5 ሲባዛ 539 ዋት። ካስክሽ ከጉልበቱ ግማሹን እንኳ አላገኘም።"

"ቆይ እንጂ! ከ220 ወደ 154 ሲወርድ የጎደለው ሲሶ አይሞላም። ግማሹን ማን በላው?" በሒሳብ አልታማም።

"ቮልቱ ብቻውን አይደክምማ፤ አምፒሩም አብሮት ይደክማል። ኃይሉ የሁለቱ ብዜት ነው። አንዱ በሬ ሲለግም ሌላው እንደ ልቡ ይጎትታል?"

የገበሬ ልጅ ነኝና ይሄ ገባኝ። ግን ቮልቱን ማን አደከመው? ዝም ብለን ስናዳምጥ ከግድግዳው ማዶ የጋሼ ጫኔ ወፍጮ ያጓራል። እሳቸው ናቸዋ! ዱቄታቸው ፎጣዬ ላይ እያረፈ ተጣልተን፣ ሰላምታ ካቆምን ከርመናል። ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

"ጋሼ ጫኔ! ወፍጮውን ያቁሙ! ሙሽራዬ ረጥባ ቀረች!"

"ፀሐይ ላይ አስጪያት!" አሉ። የተሰለፉት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ደሜ ፈላ።

"ኤሌክትሪኩን ወፍጮዎ ጠጥቶት ለእኔ አተላው ነው የሚደርሰኝ!"

"የምፈጨው የሠርግ እህል ነው። የእህሉ ባለቤት ያቻትና፣ እሷን ለምኚ።"

ዞር ስል፣ ጉድ ፈላ! ከቅንድባቸው እስከ ነጠላቸው በዱቄት የነጡት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የሙሽራው እናት!

"ለነገው ቅልቅል ዱቄት አንሶኝ ነው" አሉኝ። "በስንት ልመና ተራ አስቀድመውኝ! የማንም ሙሽራ ብትሆን ትቆይ።"

"የማንም አይደለችም፣ የእርስዎ ናት! የምሥራች ናት!"

እትዬ ዘነበች አፋቸውን ያዙ። ጆንያውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ "ጫኔ፣ አቁም!" ብለው ጮኹ። "ዱቄቱስ ለማን ሆነና! እንግዳው ቆሎ ይቆርጥም፤ ልጄን እርጥቧን ብርድ ላይ አላስወጣም!"

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጋሼ ጫኔም እየተነጫነጩ አጠፉት።

ስመለስ ቁጥሩ 218 ሆኗል፤ ከካስኩ የሚወጣው አየር እጄን ፈጀኝ። ጮቤ ረገጥኩ! ያን ነጋዴም በልቤ "አፉ በለኝ" አልኩት። እትዬ ዘነበች ያሉትን ስነግራት የምሥራች ሳቋን አቆመች።

"ልጄ አሉ?"

"አዎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ!"

ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ጫኔ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከ154 ወደ 218 የወጣውን ቁጥር ሳሳያቸው "እውነትም እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት?" ብለው ራሳቸውን አከኩ። "በይ፣ ሌላ ጊዜ ሙሽራ ስትመጣልሽ ግድግዳውን ምቺልኝ። አቆምልሻለሁ።" ከስንት ጊዜ በኋላ ተሳሳቅን።

ጸጉሯ ደረቀ። ቢጎዲኑን ስፈታው ትከሻዋ ላይ ተዘናፈለ፤ ወይ ማማር! ወፍጮው እንደገና ተነሣ፣ የሚዜዎቹም ዘፈን ከመንገዱ ወዲያ ተሰማ። ከበሩ ልናወጣት ስንል እትዬ ዘነበች ከወፍጮ ቤት እየሮጡ ደረሱ። "የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!" ብለው በዚያ በዱቄት በነጣ እጃቸው አንገቷን አቅፈው፣ ያን የተለፋበትን ጸጉር ዳበሱት። የዱቄት መዳፍ ቁልጭ ብሎ ታተመበት።

የእኔ ሥራ! ብሩሼን ይዤ ስንደረደር የምሥራች እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች።

"ተዪው ትርሲትዬ" አለችኝ። "አታራግፊብኝ።"

እኔም ቁጣዬን ዋጥኩና እልል አልኩ።