ሁለቱ ፌርማታዎች ለብቻ ይሸጣሉ

1.

ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦

ጉዞው እዚህ ላይ ያበቃል።
ቀሪዎቹን ሁለት ፌርማታዎች ለማግኘት ተጨማሪውን ክፍል ይግዙ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ይግዙ» ማለቴ ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

2.

አንባቢ ሆይ፣ ከመሐል የጀመርኩት ከመጀመሪያው ከጀመርኩ ሰበብ ስለማበዛ ነው።

ጌም እሠራለሁ። በሠራሁት ጌም ውስጥ ተጫዋቹ አሮጌ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከኋላው ትኬት ቆራጩ ይጮኻል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። ድምፁ የጋሽ ወልደሰንበት ነው። ሠላሳ ዓመት በእውነትም ትኬት ቆርጠዋል። ቀድተን በጨረስን በሦስተኛው ወር ዐረፉ።

3.

ቦታው ቤታቸው ነው፤ ቀኑ ሙት ዓመታቸው። እኔም ተጠርቻለሁ። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ልጃቸው ትርሲት ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ አውቶቡሱን መንዳት ጀመረች። ጋሽ ወልደሰንበት ከጌሙ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ በሩን ርስት አደረጋችሁት እኮ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ባለቤታቸው እማማ ጥሩወርቅ ብቻ አልሳቁም። የመጨረሻውን ፌርማታ ይጠብቃሉ። ጋሽ ወልደሰንበት በሕይወት ሳሉ፣ እዚያ ላይ ስምሽን ጠርቼዋለሁ ብለዋቸው ነበር። ይህን ለመስማት ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል።

ሁለት ፌርማታ ሲቀር ያ ጽሑፍ ወጣ።

4.

የተባለው፣ እንደማስታውሰው፦

ትርሲት፦ ጌሙን እኮ ከፍዬበታለሁ።

አጎቷ፦ በጉን ሸጠው ጉበቱን ለብቻ ያስከፍላሉ እንዴ?

እማማ፦ ስንት ነው? እኔ እከፍላለሁ።

(መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ሁሉም እኔን አየ።)

እኔ፦ በብር አይሆንም፣ እማማ። ይሄኛው ክፍል የውጭ አገር የባንክ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው።

እማማ፦ ወልደሰንበት እኮ ሳንቲም የጎደለውን ሰው መንገድ ላይ አውርዶ አያውቅም።

እኔ፦ ኩባንያው ነው እንዲህ ያደረገው።

5.

ውሸት።

6.

ኩባንያው እኔና ሶስና ነን። እሷ ድምፅ ትቀዳለች፤ የቀረውን የምወስነው እኔ ነኝ። ጋሽ ወልደሰንበት የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ሶስና ዐይኗን ስትጠርግ አየሁ። ሰው ለሚያስለቅሰው ነገር እንደሚከፍል ያኔውኑ ገባኝ።

የሌሎችን ጌም ስጫወት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመጣብኝ ሌቦች እያልኩ የምሳደብ ሰው ነኝ። ይህንንም ጻፉልኝ።

7.

ጥፋትህን ለማረም፦

ቢሮ ግባ። ጌሙ ላይ ያለው ድምፅ የሞተር ጩኸት ስለተደረበበት ንጹሑን ቅጂ ፈልግ። ክፈተው።

ጋሽ ወልደሰንበት እንዲህ ይላሉ፦ «መጨረሻ! ሁላችሁም ውረዱ።» አንተ የጻፍክላቸው እዚህ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ያለው የራሳቸው ነው፦ «ጥሩዬ፣ በሩን አትዝጊው፤ መጣሁ።»

ከዚያ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ዝምታ።

ከዚያ ያንተ ድምፅ፦ «ሶስና፣ ይቺን ለብቻ አስቀምጫት። ሰው ይከፍልባታል።»

ሽማግሌው ገና ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር።

ድምፅህን ቆርጠህ አውጣው።*

* አላወጣሁትም። ከእሳቸው ድምፅ ላይ አንዴ ቆርጬ ለብቻ በመሸጤ የሆነውን ስላየሁ እጄ እምቢ አለኝ። እማማ ጋ ሳሰማው የእኔ ድምፅ ሳይመጣ አቆመዋለሁ ብዬ ስልኬ ላይ ጫንኩት።

8.

በማግስቱ እማማን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ስልኩን መሐላችን አስቀምጬ ከፈትኩት።

«ጥሩዬ፣ በሩን አትዝጊው፤ መጣሁ።»

እማማ ዐይናቸውን ጨፍነው «እሺ» አሉ። ለእኔ አልነበረም።

ለማቆም እጄን ዘረጋሁ። አንጓዬን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ» አሉ። «ትንፋሹ ይሰማል።»

እውነት ነው፤ ይሰማል። እኔ ዝምታ ያልኩት የሰውዬው ትንፋሽ ነበር። እጄን አልለቀቁትም። «አንተ ባትቀዳው ይሄን ከየት አገኘው ነበር?» ብለው መረቁኝ። ፈራሁ፣ አፈርኩም።

ድምፄ እስኪመጣ ስድስት ሰከንድ ቀርቷል። ወይ እኔ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ ወይ ስልኩ።

አምስት።

9.

እኔ፦ እማማ፣