በሃቭዲስ ምሰሶ ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ

ባሌን ያገባሁት የመርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ ስለቆመ ነው። ሌላም ምክንያት አይጠፋም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን አምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የመለስኩት ይህንኑ ነው። በፈረንጆቹ 1964 ሰኔ ላይ የሥልጠና መርከባችን ሃቭዲስ ከረጅም ጉዞዋ ወደ ኖርዌይ ወደቧ ከተማችን አሬንዳል ስትመለስ ሠልጣኞቹ ሸራ በሚታሰርባቸው አግዳሚዎች ላይ ተደርድረው ቆመው ነበር። አንዱ ከሁሉም በላይ፣ የመካከለኛው ምሰሶ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆቡን ያውለበልባል። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ሳሎናችን ውስጥ ሰቅለነዋል። እንግዳ ሲመጣ የልጅ ልጆቻችን ወንበር ላይ ወጥተው የምሰሶውን ጫፍ በጣታቸው እየነኩ "ይሄ አያታችን ኦድቫር ነው" ይላሉ።

ዘንድሮ መርከቧ ዘጠና ዓመት ሞላት። የከተማው ማኅበርም የታሪኳን መጽሐፍ እንዳዘጋጅ እኔን መረጠ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያለማስረጃ ለሚያወራ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ሥራው ደስ ይል ነበር። በ1933 ሥራ ያጡ የባሕር ዳር ልጆች ሙያ እንዲማሩባት እንደተሠራች ጻፍኩ። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ወስደው ምሰሶዎቿን እንደ ዶሮ ላባ ነጭተው መጋዘን እንዳደረጓት፣ ሰላም ሲሆን ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቧ ተቀብራ እንደተገኘች፣ ያገሬው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣ በነጻ ጉልበቱ እንዳቆማትም ጻፍኩ። በ1981 ሴት ሠልጣኞች ሲገቡባት ሽማግሌ ካፒቴኖች "አሁንስ ትሰጥማለች" ብለው ጋዜጣ ላይ አልቅሰው ነበር። አልሰጠመችም፤ እንዲያውም ያኔ ነው ያለፈላት።

የቀረኝ ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈው መግለጫ ብቻ ነበር። መርከቧ ላይ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቁጥር አለው፤ በየቀኑ ማን የት እንደሚቆም የሚጻፍበት የተረኞች መዝገብም አለ። ባሌ አርባ አራት ቁጥር ነበር። እንዲያው ወጉ እንዳይቀር ብዬ ቤተ መዘክር ሄጄ መዝገቡን ገለጥኩ። የመካከለኛው ምሰሶ ጫፍ፦ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ቶርላይፍ ኔስ። አርባ አራት ቁጥር፦ ድንች መላጥ።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ድንች መላጥ ይላል።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የማተሚያ ቤቷ ቱቫ ነበረች።

"ፎቶው ላይ አቧራ ነገር አለ። ከመርከቧ ጎን፣ ውኃው አጠገብ፣ ነጭ ነጥብ። ላጥፋው?"

"አጥፊው" አልኳት። የአቧራ ነገር የሚያሳስበኝ ሰዓት አልነበረም።

"መግለጫውንም እስከ አስር ሰዓት ይላኩልኝ፤ ዛሬ ወደ ማሽን ይገባል።"

ቤት ስገባ ኦድቫር ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ድስት ድንችና ቢላ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

"ላጥ!"

"ምነው፣ ሰላምታም የለ?" አለና ጀመረ። እንደ ሁልጊዜው ልጣጩ ሳይቆረጥ እንደ ጥብጣብ እየተጥመለመለ ወረደ። አምሳ ስምንት ዓመት ያንን ልጣጭ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ይህ ነው የታሪክ አስተማሪ!

"ይሄን ሙያ የት ተማርከው?"

"እናቴ ቤት።"

"እናትህ ድንች የምትቀቅለው ከነልጣጩ ነበር፣ አርባ አራት ቁጥር!"

ቢላው ቆመ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኦድቫርን ድንች አወጣው።

"እኔ ነኝ ብዬሽ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። "የዚያን ለት ማታ ጭፈራው ላይ ራስሽ መጥተሽ 'ላይ የነበርከው አንተ ነህ አይደል?' አልሽኝ። አፌን ሳልከፍት ክንዴን ያዝሽው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ።"

"ዝንቡማ አልገባም፤ የገባሁት እኔ ነኝ! ጣሪያ ቀባ ባልኩህ ቁጥር ጉልበቴን ስትለኝስ?"

"ጉልበቴንማ ያመኛል። ከፍ ያለ ቦታ ስወጣ።"

ሳቄ መጣ ብል ደስ ባለኝ፤ አልመጣም። ተናድጄ ነበር። "ስማ" አልኩት፤ "እስከ አስር ሰዓት አንድ ስም መላክ አለብኝ። ያንተን ብጽፍ ሌባ ነኝ። የቶርላይፍን ብጽፍ ከተማው በሙሉ ይስቅብሃል።"

"የቶርላይፍን ጻፊ።" አላቅማማም። "ይሳቁ። እኔ የምፈራው ሳቁን አይደለም።"

"ታዲያ ምኑን?"

"ያገባሽው እሱን ነው" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለድንቹ እንደሚናገር አቀርቅሮ።

እውነቱን ነው። ላይ የቆመውን ነው ያገባሁት፤ ለአገር ምድሩ ያወራሁትም ይህንኑ ነው።

"እኔ ግን አንቺን ነው ያገባሁት" አለ ኦድቫር። "ቶርላይፍ ከዚያ ላይ ሆኖ ምን ያያል? የሰው አናት! እኛ ድንች የምንልጥባት ክፍል ክብ መስኮቷ ከወደቡ እኩል ነበረች። የዓሣ ሣጥን ላይ ቆመሻል፤ ቢጫ ካፖርት ለብሰሻል፤ የግራ እግርሽ ካልሲ ወርዷል። እጄን በመስኮቱ አውጥቼ እያውለበለብኩ ጮህኩልሽ። ከዚህ እስከ ምድጃው ብትርቂ ነው። አንቺ ሽቅብ ታያለሽ!"

"ባዶ እጅህን ነበር?"

"ድንች ይዤ። የተላጠ።"

ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርጄ አጉሊ መነጽሩን ደቀንኩበት። ከመርከቧ ጎን፣ ውኃው አጠገብ፣ ሦስተኛው ክብ መስኮት ላይ ስንት ዓመት የዝንብ ኩስ ነው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ የፈተግኳት ነጭ ነጥብ አለች። ሰዓቴን አየሁ፤ ለአስር ሩብ ጉዳይ ነው። ደወልኩ።

"ቱቫ፣ ጻፊ! ምሰሶው ጫፍ ላይ፦ ቶርላይፍ ኔስ።"

"ቶርላይፍ? ባለቤትዎ አልነበሩም እንዴ?"

"ነጥቧን አጠፋሻት?"

"አሁን ልጀምር ነበር።"

"እጅሽን አንሺ! እንዳትነኪያት!"

"አቧራ እኮ ናት።"

"አቧራ አይደለችም" አልኳት። "ባሌ ነው።"