የእግሯ ዘበኞች

ነርሷ በሥራ ዘመኗ ስንት ቁስል እንዳጠበች አታውቀውም፤ የእናቷን ግን በሚሊ ሜትር ታውቀዋለች። ስኳር ያለባት እናቷ ተረከዟ ላይ የወጣባት ቁስል ሲጀምር አምስት ሴንቲ ሜትር ነበር። ልጅቷ ከክሊኒክ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በጨው ውሃ ታጥበዋለች፣ በወረቀት ማስመሪያ ትለካዋለች፣ በፋሻ ትጠቀልለዋለች።

«ውስጡን የሚበላኝ ምንድን ነው?» አለቻት እናቷ አንድ ቀን።

«ነጭ የደም ሴሎችሽ ሥራ ላይ ናቸው፣ እማዬ። የሰውነት ዘበኞች በያቸው። ጀርም ሲገባ ይይዛሉ፣ የፈረሰውን አጥር ያስጠግናሉ።»

«እንቅልፍ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ከአባትሽ ይሻላሉ በይኛ! ነፍሱን ይማረውና፣ ዘበኛው እሱ፣ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።»

ቁስሉ እየጠበበ ሦስት ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ያን ጊዜ ነው ወንድሟ የሞተው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በታችኛው መንገድ ባለፈ ቁጥር ለእናቱ ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ስለሚነፋ ሰፈሩ ሁሉ «ጡሩምባው» ይለዋል። ማክሰኞ ጠዋት መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ።

የእናቷ ሐኪም ነርሷን ለብቻዋ ጠርቶ መከራት። «ከባድ ሐዘን ሰውነት ውስጥ የሚያመነጨው ነገር አለ፤ የነጭ ሴሎቹን እጅ ያስራል። ስኳሩንም ይጨምራል። ቁስሉ ሳይዘጋ መርዶውን ቢሰሙ እግራቸውን ልናጣው እንችላለን።»

ይህን እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ጎረቤቱን በየበሩ እየዞረች ለእናቷ እንዳይናገሩ አስማለች። ረቡዕ «ስልጠና አለብኝ» ብላ ወጥታ ወንድሟን ቀበረች።

«ልጄ የት ጠፋ?» አለች እናቷ።

«ኔትወርክ የሌለበት አገር ጥሩ ሥራ አግኝቶ ነው። ወፍሯል አሉ።»

«እሺ» አለች እናቷ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ልጅቷ እፎይ አለች። እናት እንዲህ በቀላሉ ስታምን መጠርጠር ነበረባት፤ ግን የጨነቀው ሰው ምን ያመዛዝናል።

ቁስሉ ግን ቀጥ አለ። አንድ ሳምንት ሦስት፣ ሁለተኛውም ሦስት። መድኃኒቱ አልተቋረጠም፣ አመጋገቧም ልክ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ተኩል ሆነ። እናቷ «ቀነሰ?» ስትላት «ቀንሷል» ትላለች። በአራተኛው ሳምንት ማስመሪያው አራት አሳየ። ሐኪሙ ሰኞ ቀዶ ጥገና ክፍል እንዲያዩት ቀጠሮ ይዞላቸዋል። ነርሷ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምን ነካቸው እነዚህ ዘበኞች? ምን ጎደለባቸው?»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «አትቆጪያቸው፣ ልጄ። ለቅሶ ላይ ናቸው።»

ማስመሪያው ከእጇ ወደቀ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያን ማክሰኞ። ሃያ ዓመት ቁስል ያጠበ እጅ የኔን ፋሻ ማሰር አቃተው። ጡሩምባውም ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አጥብቄ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ ደግሞ ይሞታል።» ድምጿ ተሰበረ። «አንቺም ወፈረ፣ ሥራ አገኘ ስትዪ ፊትሽ ፈካ ይላል። ያንን ልቀማሽ አልቻልኩም።»

ነርሷ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እግሩን አድናለሁ ብላ፣ እናቷን አንድ ወር ሙሉ ያለ አንድ የሚያጽናና ሰው፣ ያለ እንባ፣ ብቻዋን ሐዘን አስቀምጣታለች። እናቷም አለቀሰች፤ እንደ ልቧ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ብዙ ቆይቶ ነርሷ ፋሻውን አነሳች።

«ቀነሰ?» አለች እናቷ።

«አልቀነሰም፣ እማዬ። አራት ደርሷል።»

«ይቆርጡታል?»

«ሊቆርጡት ይችላሉ።»

«እሺ። እውነቱን ከጀመርሽ ጨርሺው። የቀበራችሁበት ቦታ ከመንገዱ ይርቃል?»

«አይርቅም» አለች ነርሷ፣ ፋሻውን ቀስ ብላ እየጠቀለለች። «የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።»